አውራ ጣትህ ያረፈባቸው ገጾች

አባዬ፣

እንደምን ከርመሃል ብዬ ልጀምር ነበር፤ እንደምትስቅብኝ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ከተለየኸን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እኛ ደህና ነን። ትልቁ ወሬ እማዬ መንጃ ፈቃድ ማውጣቷ ነው። አዎ፣ እማዬ! ስንት ዓመት ለምነሃት፣ መሪ መያዝ እፈራለሁ ትልህ የነበረችው ሴት ዛሬ መኪናህን ትነዳለች። ፈጣኑ አውራ ጎዳና፣ ሃይዌይ ግን አትገባም። ቀስ ብላ ስትነዳ ከኋላዋ የቱንም ያህል መኪና ተሰልፎ ጡሩምባ ቢነፋባት ግድ የላትም። ዕድሜህን ሙሉ ኤርፖርት ሰው ስታመላልስ የኖርክ ሹፌር፣ ብታያት በሳቅ ትሞት ነበር። ኮርተህም እንባህ ይመጣ ነበር።

የምጽፍልህ ግን ስለ ደብተሩ ነው።

ያንን የንድፍ ደብተር ስገዛ የጉዞ ማስታወሻ አደርገዋለሁ ብዬ ነበር። ሌሎች በየከተማው መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ሕንጻውን ሲስሉ፣ የባቡር ትኬቱንና የሱቁን ወረቀት ከሥዕሉ ጎን ሲለጥፉ አይቼ ቀናሁ። ግን የትም የምሄድ ሰው አልነበርኩም፤ ሥራዬ የጥርስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ መያዝ ነው። ደብተሩ ሳይነካ ወራት ተቀመጠ። አንድ ቅዳሜ የመኪናውን ቁልፍ እያሽከረከርክ መጣህና፣ ጉዞ እኮ ከበር ሲወጡ ነው የሚጀምረው፣ ተነሺ አልከኝ። የወሰድከኝ ጎረቤት ከተማ ኦሮራ ነበር፤ ዴንቨር ውስጥ ከምንኖርበት ሰፈር ከሞንትቤሎ በመኪና ሃያ ደቂቃ። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አንድ ጎማ ቤት ፊት ለፊት ፓርክ አደረግክና፣ በይ እንግዲህ ሳዪ አልከኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜያችን የደብተሩ ሆነ። አንድ ቀጥ ያለ መስመር የማታሰምረው አንተ ረዳቴ ሆንክ። የውሃ ኩባያዬን ትይዛለህ፤ ፀሐይ ሲበረታ ጃንጥላ ትዘረጋለህ። ሃቫና ስትሪት ላይ እኔ የሱቆቹን ታፔላ ስስል አንተ የሚለጠፍ ነገር ፍለጋ ትገባለህ። የቅመም ማሸጊያ፣ የፀጉር ቤት ካርድ፣ የሻይ ፓኮ ወረቀት ይዘህልኝ ትወጣለህ። አንዴ ከሥጋ ቤት፣ ምንም ሳትገዛ፣ የወረፋ ቁጥር ቀደህ አመጣህልኝ። ሻጩ ያንን ቁጥር ስንት ጊዜ ጠርቶ እንደተወ ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

አንድ ዐመል ግን ነበረህ፤ ሥዕሉ እስኪደርቅ አትታገሥም። የምሠራበት ጉዋሽ በውሃ የሚበጠበጥ ድፍን ቀለም ነው፤ ሳይደርቅ የነካው ሁሉ ምልክት ይተውበታል። በሞቃቱ ወራት የዴንቨር አየር ወዲያው ስለሚያደርቀው ችግር የለም። በብርዱ ግን መኪና ውስጥ፣ መስኮቱ በትንፋሻችን ጉም ለብሶ ስለምሠራ ጊዜ ይወስዳል። አንተ እስቲ ልየው ብለህ ከእጄ ትነጥቃለህ፤ የገጹ ጠርዝ ላይ የአውራ ጣትህ አሻራ ይቀራል። የመኪና ኮፈን ጣትህ ላይ ሲዘጋብህ የቀረው ጠባሳ አሻራህን ለሁለት ከፍሎ ስለሚያልፍ ከማንም ጣት ጋር አይምታታም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እያልኩ እቆጣህ ነበር። አንተ ደግሞ፣ የዛሬው ፊርማ ነው ትለኝ ነበር።

ይበልጥ የተቆጣሁህ የገዛ ቤታችንን የሳልኩ ዕለት ነው። ለእማዬ ላሳያት ብለህ ይዘኸው ገባህ። ስትመለስ ከበራችን ፊት፣ ደረጃው ላይ፣ አሻራህ ጉብ ብሏል። ጮህኩብህ። ደብተሬን ሁልጊዜ ታበላሽብኛለህ አልኩህ። ጣትህን በሱሪህ ጠረግክ። እኔም ነጭ ጉዋሽ ደረብኩበትና ደረጃው ላይ በረዶ የወረደ አስመሰልኩት።

ከተቀበርክ በኋላ ደብተሩን ስገልጥ ፊትህን አጣሁት። ያን ሁሉ ቅዳሜ አጠገቤ ተቀምጠህ አንድ ቀን እንኳ አልሳልኩህም። ያለኸው በአሻራህ ብቻ ነው። የቤታችንን ገጽ አወጣሁ። ጉዋሽ ደርቆም ውሃ ሲነካው መልሶ ይለሰልሳል፤ ነጩን በእርጥብ ብሩሽ ቀስ ብዬ ባነሳው ከሥሩ አገኝሃለሁ ብዬ ነው። ነጩ ተነሣ። ከሥሩ ያለውም አብሮት ተነሣ። ሁሉም ግራጫ ጭቃ ሆነ፣ አባዬ። ልገልጥህ ብዬ አጠፋሁህ። ከቀብርህ ቀን የባሰ ያለቀስኩት ያን ዕለት ነው።

ገጹን አልቀደድኩትም። ሌሎቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ አሥራ አንድ አሻራ ተርፎልኛል። እኔን ሰምተህ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ንጹሕ ደብተር ይኖረኝ ነበር፤ አንተ ግን አትኖርበትም። ስላልሰማኸኝ አመሰግንሃለሁ። ያን ቅዳሜ ተነሺ ስላልከኝ፣ ጃንጥላ ይዘህ እግርህ እስኪደነዝዝ ስለቆምክልኝ አመሰግንሃለሁ። እነዚያ ቀኖች በእጄ ሳሉ ስማቸውን አላውቅም ነበር እንጂ ደስታ ነበሩ።

ባለፈው ቅዳሜ እማዬ ወደ ኮልፋክስ ነዳችኝ። ያው ጎማ ቤት ፊት ለፊት፣ አራት ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብላ ፓርክ አደረገች። ብርድ ስለነበር መኪና ውስጥ ሆኜ ሳልኩ። ስጨርስ እጇን ዘረጋችና፣ እስቲ ልየው አለች። አልደረቀም ነበር። ቆዪ ልላት ከአፌ ደርሶ ዋጥኩትና ሰጠኋት። አውራ ጣቷ ከተደረደሩት ጎማዎች ሥር አረፈ። ደንግጣ ይቅርታ ልትለኝ ስትል፣ የዛሬው ፊርማ ነው አልኳት። ከት ብላ ሳቀች፤ ለካ ነግረሃት ኖሯል።

አባዬ፣ አልረሳህም። ያጠፋሁት አሻራህ እንኳ የት እንደነበር አውቃለሁ፤ ከበራችን ፊት፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው። ስወጣም ስገባም እረግጠዋለሁ። ነጩን ቀለም ደግሞ ከእንግዲህ የምከፍተው የእውነት በረዶ ሲጥል ብቻ ነው።

ልጅህ