የወፍጮ ቤቱ ፊልም መጨረሻ

ሰኞ፣ ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 1፡15
አውቶቡሱ አመለጠኝ። ሁለተኛውን እየጠበቅሁ ነው የምጽፍብህ፣ ደብተሬ፤ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ እንዳትታዘበኝ። ከንፋስ ስልክ ፒያሳ ድረስ ዛሬም ቆሜ ነው የምሄደው። የወዳጅ አገሮች የፊልም ሳምንት (ከእንግዲህ ፊ.ሳ. ነው) ሦስተኛ ቀኑ። እኔ በጎ ፈቃደኛ አስተርጓሚ። የፊልም ጥቅል ከአንዱ ሲኒማ ወደ ሌላው ማመላለስም ወደ እኔ ዞሯል፤ አንዱን ኮፒ ሁለት ሲኒማ ይካፈለዋል። ትናንት ሦስተኛው ጥቅል ከሁለተኛው ቀድሞ ታየ። ሰው አጨበጨበ።

ትልቁ ወሬ፦ የፊልም መ/ቤቱ አንድ ወጣት ረዳት ደራሲ ሊቀጥር ነው። የሚፈለገው አንድ ሙሉ ታሪክ፣ እስከ ዓርብ። ካልሆነልኝ የምደባ ደብዳቤዬ ይመጣል። ኬሚስትሪ አስተማሪ፣ የት እንደሆነ እንጃ።

ታሪክ አለኝ። መጨረሻ የለኝም።

ያው ዕለት፣ ከሰ. 9፡00
ትኬት መቁረጫው ጋ ተቀምጫለሁ። ጥቅሉ እስኪያልቅ ግማሽ ሰዓት አለኝ።

ታሪኩ ታላቅ ወንድሜ ለማ የተረከልኝ ፊልም ነው። ያኔ እሱ ዐሥራ አራት፣ እኔ ስምንት። እሑድ እሑድ ሲኒማ ይሄዳል፤ እኔ ሴት ነኝና ትንሽ ነኝና አልሄድም። ሲመለስ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ስቤ እጠብቀዋለሁ። ብዙ ተርኮልኛል፤ የወፍጮ ቤቱን የሚያህል ግን የለም። ወፍጮው ሰው ሳይኖር ሲፈጭ ያድራል። ጧት ባለወፍጮው ሲከፍት፣ መሬት ላይ በፈሰሰው ዱቄት የእግር ዱካ። የሚገባ እንጂ የሚወጣ የለም። በየቀኑ አንድ ሰው ይጨምራል። በሰባተኛው ቀን የገባው ዱካ የባለወፍጮው የራሱ ጫማ ነው።

እዚህ ላይ ሁሌ እንቅልፍ ይወስደኛል። በሳምንቱ ድገምልኝ እላለሁ፤ ደግሞ እተኛለሁ።

ከዚያ ወዲህ ስንት አስፈሪ ፊልም አየሁ። ጥርስ፣ ሬሳ ሣጥን፣ በሽቦ የተንጠለጠለ የሌሊት ወፍ። አንዱም እንደዚያ አላደረገኝም። ዛሬም ሰፈራችን መግቢያ ካለው ወፍጮ ቤት ስደርስ መንገዱን ተሻግሬ በማዶ ነው የማልፈው። ተመራቂ ተብዬ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11፣ ምሳ ሰዓት
ፊልሙን ባገኘው መጨረሻውን አያለሁ፤ የማን እንደሆነም አውቃለሁ። ጋሽ ሞላን ጠየቅሁ፤ ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ ፊልም የሚያሳዩ ሰው ናቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው አሰቡ። እንዲህ ያለ ፊልም በዚህ እጅ አላለፈም አሉ። እጃቸውን አሳዩኝ፣ ማስረጃ ይመስል።

ከፊ.ሳ. የውጭ እንግዶች ጢማሙን ዳይሬክተር ጠየቅሁ። ሰውዬው በአገሩ ሃያ ዓመት በፊልም ሰው ሲያስፈራ የኖረ ነው፤ ለአለቆቹ «ተረት ነው» እያለ። ዱካውን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ሻዩን አስቀመጠ። አላየሁትም፣ ባለቤቱ ከጠፋ ለእኔ ስጪኝ አለ። ሳቅሁ። ግን ሊወስድብኝ?

የመ/ቤቱ ጓድ ኃላፊ ሰምቶን ኖሮ ጠጋ አለ። ፍርሃት ምርት አይጨምርም፣ ስለ መሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብትጽፊ ይሻልሻል አለኝ። በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ። ይኼ መነቅነቅ አንድ ቀን ይገድለኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12፣ ከሰ. 11፡00
ለማ መጣ! ከአሰብ። የሚነዳው የጭነት መኪና የሰፈሩን መንገድ ዘግቶ ቆሟል። ጭነቱ ዱቄት፣ ጫማው ነጭ፣ ቅንድቡ ነጭ። እማዬ ዱካውን ከኋላ ከኋላው እየጠረገች፣ አንተ ልጅ ስትሄድም ጭንቅ፣ ስትመጣም ጭንቅ ትላለች። እሱ ደግሞ፣ ሚጣ፣ ዲግሪ የያዘ ሰው አሁንም ሽሮ ይበላል ወይ ይለኛል።

የፊልሙን ስም ጠየቅሁት። ማኘኩን አቆመ።

አላየውም ለካ። ያ ፊልም የለም። የሲኒማው ዘበኛ ልጅ ነህ ብሎ መለሰው። ቤት ውስጥ ደግሞ እኔ ዐይኔን አፍጥጬ እንደምጠብቀው ያውቃል። ያየው ፖስተሩን ብቻ ነው፤ አፏን የከፈተች ሴትዮ፣ ሌላ ምንም። ከፒያሳ በእግሩ ሲመጣ አሰበው፤ ሰፈር ሲደርስ ወፍጮ ቤቱን አየ፣ አለቀ። ሌሎቹስ እሑዶች? ያው። ከነዚያ ሁሉ ገብቶ ያየው ሁለት ነው።

ተናደድሁ። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ የፈለግሁት! ቢያንስ መጨረሻውን ንገረኝ አልሁት።

«ምን መጨረሻ አለው? አንቺ ትተኛለሽ፣ እኔም እገላገላለሁ።»

ስቄ ልሞት። ከዚያ እሱ፣ እስቲ አንቺ በእውነት ያየሽውን አንድ ንገሪኝ አለኝ፣ አገጩን መዳፉ ላይ አድርጎ። ጀመርሁለት። ሬሳ ሣጥኑ ሳይከፈት እንቅልፍ ወሰደው። ከነጫማው፣ በዚያችው የልጅነታችን አልጋ ላይ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 12፡40
ስነሣ ሄዷል። መንገዱ ባዶ።

እማዬ መጥረጊያ አንሥታ ነበር። ተይው አልኋት። ምን ነካሽ አለች። ሲሚንቶው ላይ ከአልጋው እስከ በሩ ነጭ ዱካ። የትናንት መግቢያውን ጠርጋዋለች። ያለው መውጫው ብቻ ነው።

መጨረሻው ገባኝ።

ነገ አስገባዋለሁ። ጓድ ኃላፊ ያለውን ይበል፤ ኬሚስትሪ ከሆነም ኬሚስትሪ። ሽፋኑ ላይ ሁለት ስም አለ፣ የለማ ይቀድማል። እማዬ አሁንም ቆማ ታየኛለች፣ ልጽፈው፦

ስምንተኛው ቀን። ባለወፍጮው ይከፍታል። የሚገባ ዱካ የለም። የሚወጣ አንድ ብቻ፤ የትንሽ ልጅ፣ የሴት። ተከትሏት ይወጣል። ዱካዋ ደጁን ያልፋል፣ መንገዱን ይሻገራል፣ ከዚያ በማዶ በማዶ ወደ ቤቷ ይሄዳል…