የሱዳን መንገድ ስንት ቀን ይፈጃል

ሐሙስ፣ ኅዳር ፱ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

ዛሬ ይጁቤ ገበያ ላይ ከሱዳን የተመለሰ ነጋዴ የወንድሜን መልእክት ነገረኝ። «ጠቅልለህ ና» ብሎኛል። ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቅሁት።

«መንገዱ ሃያ አምስት ቀን ነው። ለመኖሪያ ፈቃዱ ግን ወንድምህ ዓመት ሙሉ ድንኳን ውስጥ ጠብቋል። እሑድ ወደ ሱዳን እመለሳለሁ፤ ከፈለግህ አብረን እንሂድ» አለኝ።

ሚስቴ ጥሩነሽ ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል፤ በረሃውን በእግሯ አትችለውም። ብቀር ደግሞ ጣሊያኖቹ ወንድሜ መኮብለሉን አውቀው ስሜን ጽፈውታል። ትናንት ጎረቤታችንን ወስደውታል።

ቤት ስደርስ ጥሩነሽ በሶ ትፈጫለች። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

«ስንቁ የስንት ሰው ነው?» አልኳት።

«ያንተ ነዋ!» አለችና ወደ ወፍጮዋ ዞረች።

ቀና ብላ አላየችኝም።