ባቡር ሲደርስ ስለሚከፈተው በር

ለተከበሩ የአሮጌው ባቡር ጣቢያ ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ጣቢያዎ ግንብ የጸና፣ ዕድሜዎም ባቡርዎን ከምንጠብቅበት ጊዜ እንኳ የረዘመ እንዲሆን እየተመኘሁ እጅ ነስቼ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ከገበያው ዳር ተቀምጬ ጃንጥላ የምጠግነው ሰው ነኝ። ደንበኞቼ «አፈ ቅቤ» ይሉኛል፤ የተረቱን ቀሪ ግማሽ ለእርስዎ ቆጥቤዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። የማታ ትምህርቴን በዚህ ሳምንት ጨርሻለሁ። አስተማሪያችን ከክፍሉ የእኔን የእጅ ጽሑፍ የሚያህል የለም ብላለች፤ በአፏ ባትለውም ፊቷ ላይ ይነበባል፣ እኔ ደግሞ አሁን የማላነበው ነገር የለም።

ይህችው አስተማሪያችን እያንዳንዱ ተመራቂ ከከተማው አንድ ቦታ ጎብኝቶ ያየውን በአንድ ገጽ እንዲጽፍና በምረቃው ምሽት በቤተሰቡ ፊት እንዲያነብ አዘዘች። ሌሎቹ ወፍጮ ቤትና ጤና ጣቢያ ሲመርጡ፣ እኔ ለቁመናዬ የሚመጥነውን ታሪካዊ ጣቢያ መረጥኩ። ባለቤቴ በትዳራችን ዘመን ሁሉ የመጣልንን ወረቀት ይዛ የጎረቤት ደጅ ስትጠና የኖረች ሴት ናትና፣ ከፊት ወንበር ተቀምጣ እኔ ሳነብ ልትሰማኝ አዲስ ሻሽ ገዝታ ነበር። እኔም በምረቃው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ አየት አድርጌ እመለሳለሁ ብዬ በዋናው በርዎ ገባሁ። ስለ መስተንግዶው ያለኝ ምስጋና ተራ በተራ እነሆ።

፩ኛ፣ ስለ ጽሑፎችዎ ብዛት አመሰግናለሁ። ሰው ሁሉ የጣሪያውን ከፍታና ባለቀለም መስኮቶቹን አንጋጦ ሲያይ፣ የእኔ ዓይን የሄደው ወደ ግድግዳው ነበር። «አይንኩ» ይላል፣ «አይደገፉ» ይላል፣ በየአግዳሚ ወንበሩም ላይ «አይቀመጡ» ይላል። ሁሉንም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አንዲት ፊደል ሳያደናቅፈኝ አነበብኩ። ሌሎቹ ጎብኚዎች «አይቀመጡ» የሚለው ላይ ተቀምጠው አዳመጡኝ። እኔ ቆሜ ነበር።

፪ኛ፣ ስለ መውጫው። የገባሁበት በር ከውስጥ በኩል «መግቢያ ብቻ፤ በዚህ መውጣት ክልክል ነው» ይላል። ከአዳራሹ ማዶ ያለው በር ደግሞ «መውጫ፤ ባቡር ሲደርስ ይከፈታል» ይላል። ሐዲዱን በመስታወቱ አየሁት። መሐሉ ላይ ዛፍ በቅሎ ከጥላው ሥር ሁለት ፍየሎች ተኝተው ያመሰኳሉ፤ ባቡር ይመጣብናል ብለው የሚሰጉ አይመስሉም። በር ጠባቂዎ እንዳስረዳኝ፣ ደንቡ የወጣው ባቡር በነበረበት ዘመን ገቢና ወጪ እንዳይገፋፋ ታስቦ ነው። ባቡሩ ሲቀር ጽሑፉ አለመቅረቱ፣ መሥሪያ ቤትዎ ቅርስ በመጠበቅ ረገድ የትኛውን አስቀድሞ እንደሚጠብቅ አሳይቶኛልና አድናቆቴ ወሰን የለውም።

፫ኛ፣ ስለዚሁ በር ጠባቂ ትሕትና። መውጣት እንደምፈልግ ስነግረው ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ ጋሼ፣ ማንበብ ይችላሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሸሸሁትን ይህን ጥያቄ በዚያን ዕለት ገና ሳይጨርሰው መለስኩለት፤ ይባስ ብዬም የበሩን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። እሱም ጭንቅላቱን እየነቀነቀ፣ እንግዲያው ጉድ ፈላ አለኝ። ለካ በመመሪያዎ መሠረት ያላነበበ ሰው በመግቢያው ይወጣል፣ ያነበበ ግን ባቡር ይጠብቃል። ሌሎቹ ጎብኚዎች በሩ ጋ ሲደርሱ አላነበብኩም፣ አላነበብኩም እያሉ ሲወጡ በዓይኔ አየሁ፤ ከመካከላቸው አንዱ መነጽር አድርጎ ጋዜጣ በብብቱ ይዞ ነበር።

ጠባቂው አዘነልኝ። ጋሼ፣ አንዲት ቃል ናት፣ ማንበብ አልችልም ይበሉና ወደ ቤትዎ ይሂዱ አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህችን ቃል አሳምሬ አውቃታለሁ። ባንክ ቤት ብያታለሁ፣ የልጄ ትምህርት ቤት ብያታለሁ፣ አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ እየነከርኩ ብያታለሁ። በምረቃዬ ዕለት ግን ልደግማት ብሞክር፣ ያ ቅቤ የተባለው አፌ እንደ መውጫ በርዎ ተዘጋ።

፬ኛ፣ ለመጻፊያ ስለሰጡኝ ሰፊ ጊዜ። ፀሐይዋ ከባለቀለሙ መስታወት ላይ ስትለቅ አሁን ስሜ እየተጠራ ነው አልኩ። መስኮቱ «አይክፈቱ» ስለሚል ለአላፊ አግዳሚው መልእክት መስደድ አልቻልኩም። ግድግዳው «አይደገፉ» ስለሚል፣ ገጼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ እንደ ሽመላ በአንድ እግሬ ቆሜ ጻፍኩት። ከዚህ በላይ ያነበቡት አብዛኛው እሱ ነው።

ሲመሻሽ ባለቤቴ አዲሱን ሻሿን እንዳሰረች መጣች። ስሜ ተጠርቶ መልስ ሲጠፋ ባዶውን ወንበር አይታ ነው የተነሳችው። በር ጠባቂው ታነቢያለሽ ወይ ሲላት፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ይሄም ሰውዬ የእኔ ነው አለችና እጅጌዬን ይዛ «መግቢያ ብቻ» በሚለው በኩል አወጣችኝ። ጠባቂው ከኋላችን ተመስገን ሲል ሰማሁት።

ገጼን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰምታኝ፣ ይህን ሁሉ ከምትቸከችክ አንዴ አልችልም ብትል ምን ነበረበት አለችኝ። አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ፤ እሷ ግን ይሂድ፣ ከመጀመሪያው ድገምልኝ አለችኝ።

ስለዚህ ወይ ጽሑፉን እንዲያስነሱልን፣ ወይ ባቡሩን እንዲያስመጡልን፣ ከሁለቱ ለክቡርነትዎ የሚቀለውን እንዲመርጡ በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ።

ፊደል ቆጥሮ የታሰረ፣ በማይምነት ዋስ የተፈታ፣
ባቡርዎን ቆሞ የጠበቀ ታዛዥዎ፣
ጃንጥላ ጠጋኙ አፈ ቅቤ
(ከታች ያለው ፊርማ ነው፣ የጣት አሻራ አይደለም)

ማሳሰቢያ፦ ባለቤቴ ለሚቀጥለው ዙር የማታ ትምህርት ተመዝግባለች፤ ቀልጣፋ ሴት ስለሆነች ብዙ አትቆይም። እሷም ማንበብ ከቻለች ወዲያ እኛን ከጣቢያው የሚያወጣን ዘመድ ስለማይኖረን፣ በሩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የማይችል አንድ ሰው ከመሥሪያ ቤትዎ ተመርጦ እንዲመደብልን እለምናለሁ። ፍለጋው ከቢሮዎ ወንበር እንኳ እንደማያስነሳዎት እርግጠኛ ነኝ።