በቀኝ እጄ የያዝኩት መፋቂያ ነው

እሑድ፣ ኅዳር 7፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ጓደኛዬን አዳነን ሆስፒታል አድርሼ፣ ኩላሊቱ እስኪታጠብ ጠብቄ፣ ቤቱ አስገብቼው መጣሁ። ዛሬ ደክሞታል። መንገድ ላይ አልተሳደበም። የኋላው ጎማ መነፋት አለበት።

ፖስታ ሳጥኑን ከፈትኩ። የፍ/ቤት ወረቀት። ለኅዳር 18 ቀጥረውኛል።

ስማኝ ደብተር። ይሄን ነገር እስካሁን አልጻፍኩልህም። ንዴቱ እጄን ያዘው። የሆነው በዚህ አገር በጋ፣ ሙቀቱ ሳይበርድ ነው። አፍሪዳር ሰፈር፣ የትራፊክ መብራቱ ጋ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። አዳነን ልወስድ እየሄድኩ ነው። መፋቂያ አፌ ውስጥ አለ፣ ከብሎካችን ጀርባ ካለው ወይራ የቆረጥኩት። ጥርሴን እፍቃለሁ። ፖሊሱ አስቆመኝ። ፔሌፎን፣ ያው ሞባይል፣ ይዘህ ስታወራ አየሁህ አለ። መፋቂያዬን አሳየሁት። ሳቀብኝ። ፔሌፎኑን ደብቀሃል ብሎ ጻፈብኝ። አልቀበልም ብዬ፣ ልጄ ለፍ/ቤት ማመልከቻ ጻፈችልኝ። እኔ ስነዳ ፔሌፎን ይዤ ወጥቼ አላውቅም፣ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው የሚውለው። ያ እየተናገረ መንገድ የሚመራው መሣሪያም የለኝም። አሽቀሎንን ለኔ ማን ይመራኛል!

ፈርሜ ብቀበል ቅጣቱ ቀላል ነው ይላሉ። አይደለም። አምና የቁም ምልክት አልፌ የቅጣት ነጥብ አለብኝ። እሱ እውነት ነው፣ አጥፍቻለሁ፣ ተቀብያለሁ። ይሄ ሲጨመርበት ግን ሪሻዮኔን ለወራት ይወስዱታል። መንጃ ፈቃዴ ከሄደ አዳነን ማን ያደርሰዋል? ከማያውቀው ሾፌር ጋር አይሄድም፣ አሻፈረኝ ብሎ ይቀራል። ከቀረ ደግሞ ይሞታል። በሱዳን መንገድ እግሬ አብጦ ስወድቅ ጀርባው ላይ ያዘለኝ እሱ ነው። እንዲህ ነው ነገሩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ማታ

ልጄ ዮዲት መጣች። ከአዳነ ስመለስ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ወረቀቱን አነበበች። ጥፋተኛ ነኝ በል፣ አርጅቻለሁ በል፣ ዳኛዋ ታዝንልሃለች አለች። የማንንም ሐዘኔታ አልፈልግም አልኳት። ዳይ፣ አባዬ፣ በእንጨት ማን ያምንሃል አለች። ዳይ ማለት በቃ ማለት ነው። ለአባት ዳይ ይባላል? በናቷ ጊዜ አይባልም ነበር።

ከዚያ የፔሌፎን ኩባንያው ያወራህበትን ሰዓት ሁሉ የያዘ ወረቀት እንዲልክ አደርጋለሁ ብላ ሄደች። ይላክ። እኔ ምን አለብኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ተዋርጃለሁ። ወረቀቱ መጣ። ዮዲት አነበበችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚናገሩት፣ አባዬ ለምን ዋሸኸኝ አለች። በዚያ ቀን አንድ ሰዓት ላይ አውርተሃል፣ ይኸው ከአክስቴ ጋር፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ።

እኔ! ሰባ አራት ዓመት ሙሉ ዋሾ ተብዬ አላውቅም። ከቤቴ ውጪ አልኳት። ወጣች። ሻዩ ሳይጠጣ ቀረ።

ረቡዕ፣ ያው ቀን፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ገባኝ!! ደብተር፣ ገባኝ! ወረቀቱን ራሴ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ቁጥር ማንበብ አያቅተኝም። አሥራ ሦስት ከአሥራ አምስት ይላል። ይሄ እኮ በኛ ቀን ሰባት ሰዓት ነው፣ ከምሳ በኋላ! እውነት ነው፣ ያኔ ከእህቴ ጋር አውርቻለሁ፣ ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ። እኔ አንድ ሰዓት ያልኩት ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ነው። በነሱ ሰባት። ዮዲት እዚህ ተወልዳ፣ ጠዋት ማለቴን ትታ፣ የነሱን ሰዓት ነው የቆጠረችው። እናቷ ትርንጎ ነፍሷን ይማርና፣ እሷ ነበረች ሰዓቱን ለልጆቹ የምትገለብጥላቸው። እሷ ከሞተች ወዲህ እኔም ሳልገለብጥ እናገራለሁ፣ እነሱም ሳይጠይቁ ይሰማሉ።

ደወልኩላት። በናንተ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ጠዋቱን፣ እዪ አልኳት። ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ባዶ ነው አባዬ አለች። አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ነገ ነው። ኮቴን ተኮስኩ። አዳነ በስልክ እየሳቀ፣ አንተ ግትር፣ እስር ቤት ስንቅ አመጣልሃለሁ አለኝ። አንተ ራስህ ተሸክመውህ ነው የምትመጣው አልኩት። ሳቅን። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። ባይሆንልህ አትዘን አለ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

አሸነፍኩ! አሸነፍኩ! አሸነፍኩ!

በሥርዓት ልጻፈው። አዳነን ለዛሬ ብቻ የእህቱ ልጅ ወሰደው። ፍ/ቤት ገባን፣ እኔ፣ ዮዲት፣ አንዲት አስተርጓሚ። ዳኛዋ ሴት ናት፣ ፀጉሯን በሻሽ የሸፈነች። ፖሊሱ መሰከረ። በቀኝ እጁ ጠቆር ያለ ረዘም ያለ ነገር አፉ ጋ ይዞ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር አለ። ትጠይቀዋለህ ወይ አሉኝ። አዎ። ተነሣሁ። ያ ነገር ወደ ላይ ወደ ታች ይል ነበር ወይ አልኩት። አሰበ። አዎ ይል ነበር አለ። ወንድሜ፣ በፔሌፎን ጥርሱን የሚፍቅ ሰው አይተህ ታውቃለህ? አልኩት። አስተርጓሚዋ ሳቋ ቀድሟት መተርጎም አቃታት።

ከሳሹ፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ተነሣ። ዮዲት በበጋ የጻፈችልኝን ማመልከቻ አወጣ። ይሄ ሰው ራሱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ብሏል፣ የፖሊሱ ወረቀት ሰባት ሰዓት ነው የሚለው፣ ስለየትኛው ቀን እንደሚያወራም አያውቅም አለ። ዮዲት አመድ መሰለች። እኔ ግን ጠብቄው ነበር። ክብርት ዳኛ፣ እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከፀሐይ ነው፣ ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሆናት አንድ እንላለን፣ በናንተ አንድ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፣ በዚያ ሰዓት ጥርሱን የሚፍቅ ማን አለ አልኩ። ዳኛዋ ብዕሯን አስቀመጠች። የጥንት ሊቃውንታችንም የጸሎትን ሰዓት እንዲሁ ከፀሐይ ነው የቆጠሩት ብላ ለከሳሹ ነገረችው። ለከሳሹ! በኔ ፊት!

መፋቂያውን አሳየኝ አለች። ከመሐረቤ ፈትቼ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው። የፔሌፎኑን ወረቀትም አየች። በነሱ ሰባት ሰዓት ባዶ። ጥርጣሬ አለ፣ ነጻ ነህ አለች። ከዚያ ጣቷን አነሣችብኝ። ስትነዳ ግን ሁለት እጅህ መሪው ላይ ይሁን፣ ሕጉ የወጣው ለፔሌፎኑ ተብሎ አይደለም፣ ለሚሻገረው ሰው ነው አለች። እውነቷን ነው። እሺ ልጄ አልኳት። ዳኛ ልጄ አይባልም አሉኝ በኋላ። ይባል።

ፖሊሱ በር ላይ ጠብቆ እጁን ሰጠኝ። ጨበጥኩት። ጥርስህ ስንት ነው አለኝ። ቁጠረው ብዬ ከፈትኩለት።

ስንመለስ ዮዲት ነበረች የምትነዳው። ፔሌፎኗ ጮኸ፣ እጇን ዘረጋች። አቁሚ አልኳት። አባዬ ለሰከንድ አለች። አቁሚ! አቆመች። ፔሌፎኗን ነጥቄ የኋላ ወንበር ላይ ወረወርኩት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

እሑድ፣ ኅዳር 21፣ ጠዋት

ሌሊት አስቤ ቆርጫለሁ። ደብተር፣ አንተ ጋ ይቀመጥ። ሪሻዮኔን ማንም አይነጥቀኝም። ግን ዓይኔ አንድ ቀን የሚሻገረውን ሰው ከጥላው መለየት ሲያቅተው፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ ማንም ሳይጽፍብኝ፣ ኮቴን ለብሼ ራሴ ሄጄ እመልሰዋለሁ። ለዮዲትም ነግሬያታለሁ። ያ ቀን ዛሬ አይደለም። ከመንገዱ ማዶ የቆመውን መኪና ታርጋ አሁን በመስኮት አነበብኩ፣ ሁሉንም ቁጥር።

አዳነ ዛሬ ሳልሄድለት ራሱ መጥቶ፣ ታች ቆሞ ስሜን እየጠራ ይሳደባል። ብሎኩ ሁሉ ይሰማል። ደህና አድሯል ማለት ነው። መጣሁ አንተ