ያለ ጭንብል የቀረበው ክፍል

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሆኜ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ የኔ ዓለም? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? ወፍራሙን ካልሲሽን ትተሽው ሄደሻል፤ መሳቢያሽን ስከፍት አገኘሁትና ተናደድኩብሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ያው ነው፣ ደረጃ ሲያይ ብቻ ያጉረመርማል። በወረቀት የምጽፍልሽ ስልኬን ስለማላምነው ነው። የጓደኛሽ የሸምበቆ ዘመድ ወደዚያ ስለሚሄድ በእጅሽ ይሰጥሻል።

መቼም የፕሮግራማችሁን አዲሱን ክፍል አይተሽዋል። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ግን ከሰው ሳይሆን ከእናትሽ አፍ እንድትሰሚው ብዬ ነው።

አንቺ ክሱን ሸሽተሽ በሄድሽ በሳምንቱ የጥበቃ ካሜራ የሚሸጠው ድርጅት ጠበቃ መጣ። ሽክ ብሎ የለበሰ ሰው ነው፤ ደንበኛ መስሎኝ "ወንድ አንሠራም" አልኩት። ሳቀና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "እናቴ፣ የመጣሁት ለልጅዎ አዝኜ ነው" አለኝ። እንደ እሱ አባባል አንቺ ሌባ ነሽ። "የኋላ በር" በተባለው ፕሮግራማችሁ ላይ ስለ ካሜራቸው ያቀረባችሁት ሁሉ ፈጠራ ነው፤ እውነት የያዘ ሰው ደግሞ ጭንብል አጥልቆ አያወራም። ቪዲዮው ከወረደ፣ አንቺም ፊትሽን ገልጠሽ "ዋሽቻለሁ" ካልሽ፣ ክሱን ይተዉና ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ።

ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ ሲለኝ እሺ ልለው ነበር፤ አልዋሽሽም።

"ሴቶቹስ?" አልኩት።

"የትኞቹ ሴቶች?"

ከእኛ ፎቅ ላይ ባለው ሆስቴል የሚኖሩትን የነርስ ተማሪዎች ማለቴ ነበር። ኮሪደራቸው ላይ የተሰቀለውን ካሜራ ማንም ከስልኩ ሊያየው እንደሚችል ያሳያችሁት አንቺና ሸምበቆ ናችሁ። ልጆቹ ታጥበው፣ ፎጣ አገልድመው የሚያልፉት በዚያ ኮሪደር ነው። ይህን ስነግረው ሰዓቱን አየ። ያኔ ነው የቆረጥኩት።

ሸምበቆ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ፕሮግራሙን ትቶ ሠርግ መቅረጽ ጀምሮ ነበር። ጠራሁትና "ያንን ነገር እንደገና ልናሳየው ነው" አልኩት።

"በማን ካሜራ፣ እትዬ?"

"በእኔ። እዚያ ጥግ የተንጠለጠለውም የእነሱ አይደል?"

"ደንበኛ ይሸሽዎታል። ደግሞ ይከስሱዎታል።"

"የገዛ ቤቴን በር ብከፍት ማን ሌባ ይለኛል?"

ጭንብሉን ላምጣልዎት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ፊት ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ከማን ልሸሽገው አልኩት።

ቅዳሜ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ የፀጉር ፎኑን አጠፋሁና ለሴቶቹ ነገርኳቸው። እዚህ ስትታጠቡም፣ ስትስቁም፣ አንዳንዴም ስታለቅሱ፣ የማናውቀው ሰው ሲያያችሁ ከርሞ ሊሆን ይችላል አልኩ። የሒሳብ አስተማሪዋ ከነቢጎዲኗ ሻሽ ጣል አድርጋ ወጣች። እስካሁን አልተመለሰችም፤ አልፈርድባትም። ልብስ ሰፊዋ ግን ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር እንደተቀመጠች፣ "የሚያፍረው የሚያየን ሰው ነው እንጂ እኛ ምን በወጣን። ቅረጹኝ" አለች። ይኼኔ የቀሩት አንድ በአንድ ወንበራቸውን ወደ ሸምበቆ አዞሩ። አንዷማ ትንሽ ቆዩ ብላ ከንፈሯን ቀባች።

ስንጀምር ማበጠሪያዬን እንደያዝኩ ነበር። ስሜን ተናገርኩ። የአንቺ እናት መሆኔን ተናገርኩ። ከዚያ ሁሉም እያዩ የካሜራዬን የይለፍ ቃል ቀየርኩ፤ አዲሱን ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። ቀጥሎ በሸምበቆ ስልክ፣ አንቺ ያገኘሽውን፣ ድርጅቱ ሁሉም ካሜራ ውስጥ ደብቆ የተወውን የራሱን የይለፍ ቃል አስገባሁ። ቤታችን ቁልጭ ብሎ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ካስኩ ሥር ሆና እጇን አወዛወዘች፣ ስልኩ ውስጥም አወዛወዘች።

"አሁን የገባሁት የገዛ ቤቴ ነው" አልኩ። "በዚሁ ቃል ግን የእናንተም ቤት ይከፈታል። ስለዚህ ቃሉን አልነግራችሁም። ካሜራውን ንቀሉት።"

መሀል ላይ ምላሴ ተሳስሮ ነበር። ሸምበቆ ቆርጬ ላውጣው አለኝ፤ እንቢ አልኩት። ሰው መሆኔን ይዩት።

በማግስቱ የሆስቴሉ ልጆች የየኮሪደሩን ካሜራ ነቅለው፣ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሞልተው ድርጅቱ በር ላይ አስቀመጡት። ሳፋውን ግን ይዘው ተመለሱ፣ የጋራ ስለሆነ። ድርጅቱም መግለጫ አወጣ፤ "ማሻሻያ እያደረግን ነው" አለ። ፈጠራ ነው ሲሉን የከረሙት ነገር እንዴት እንደሚሻሻል እነሱ ያውቃሉ።

ትናንት ከፖሊስ መጥሪያ መጣልኝ፤ ነገ ጠዋት እቀርባለሁ። ጠበቃውም ዛሬ ደውሎ ነበር። "አሁንም አልረፈደም፤ ልጅዎን ያገናኙኝና ይቅርታ ትጠይቅ" አለኝ። ልጄ ሥራ ላይ ናት ብዬ ዘጋሁበት።

አንቺ ግን አትምጪ። የምልሽን ስሚኝ። ስልኬ ጥቂት ቀን ባይነሳ አትደንግጪ። የድርጅቱ ሰዎች እናትሽ ታማለች ብለው ቢጽፉልሽ እንኳ አትመኚያቸው። ይቅርታ የሚባል ቃልም በእኔ የተነሳ ከአፍሽ እንዳይወጣ። የፀጉር ቤቱን ቁልፍ ለልብስ ሰፊዋ ሰጥቻታለሁ፤ አበባዎቹን ታጠጣልኛለች። መድኃኒቴን በርከት አድርጌ ይዣለሁ። ሁለት ሹራብ ደርቤ ነው የምሄደው፣ የመንግሥት ቢሮ መቼም ይበርዳል።

የምትገቢበት በር ሁሉ ይስፋልሽ፤ የምታድሪበት ቤት ይሙቅልሽ፤ የሚወድሽ ሰው ከአጠገብሽ አይጥፋ። ፈጣሪ እኔ በማላይሽ ቦታ ሁሉ ዓይኑን ከአንቺ አያንሳ።

እናትሽ

ይህን ልረሳው ነበር፦ ቪዲዮው ላይ የከሳሁ ብመስልሽ መብራቱ ነው። ሸምበቆን ጠይቂው፤ እሱም መብራቱ ነው ይልሻል።