ለመሰላሉ አስራ አራት

ውድ አባዬ፣

«እንደምን ሰነበትክ» ብዬ አልጀምርም። እንዴት እንደሰነበትክ ሾፌሩ ሁዜይፋ ነግሮናል። ደሴ አይቶሃል። የሰው ሱቅ በር ላይ ተቀምጠህ ጆንያ ትሰፋለህ አለ። መካነ ሰላምን ግማሹን ሱሪ ያስታጠቅክ ሰውዬ፣ ጆንያ! ሰላም ሲልህም ፊትህን አዞርክበት አሉ። እሱ ምን አደረገህ? ለምርጫው የተመዘገበው ወግዲ ነው፣ እዚህ አልመረጠም እኮ።

ስናደድ አፌ እንደማያርፍ ታውቃለህ። እጄም እንደዛው ነው፣ ቻለው። ደብዳቤውን የሚያደርስልህም ሁዜይፋ ነው፣ እንዳታኮርፈው።

«ለክልል ምክር ቤት በግሌ እወዳደራለሁ» ያልክ ቀን ሳቅኩብህ። ከማንም ፓርቲ ሳትሆን! የዚፕ ማስቀየሪያ ዋጋ እንኳን ተከራክረህ የማታውቅ ሰው! አንተ ግን እግርህን የስፌት ማሽኑ ላይ እንዳደረግክ፣ «ፓርቲ ያለው ለፓርቲው ይናገራል። ለዚህ ሰፈር ውሃ ማን ይናገር?» አልክ። ሳቄ እዛ ላይ ቆመ። ምልክት ምረጥ ሲሉህ መሰላል መረጥክ። «መሰላል የያዘ ወይ ይወጣል ወይ ይወድቃል» ስልህ፣ «ወይ ለሌላው ይይዝለታል» አልከኝ። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ኮራሁብህ። አልነገርኩህም።

የድጋፍ ፊርማውን በጭቃ እየዞርኩ ያስፈረምኩት እኔ ነኝ። ክፍላችን በር ላይ መሰላል የሳልኩትም እኔ ነኝ። የትምህርት ቤቱ ዩኒት መሪ «እዚህ ፖለቲካ የለም» ብሎ ሲያጠፋው፣ «ለቁልፉ ሲሆን ነው እንዴ ፖለቲካ የሌለው?» አልኩት። ቁልፍ የቢሻው ምልክት ነው፣ ያንተ ተፎካካሪ። ሌላም ነገር ብዬዋለሁ፣ እሱን ወረቀት ላይ አልጽፈውም። ወላጅ አምጪ ተባልኩ። አመጣሁህ። ከጎኔ ትቆማለህ ብዬ ነበር። አንተ «ተንበርከኪና ይቅርታ ጠይቂ» አልከኝ፣ ልጆቹ ሁሉ እያዩ። አልተንበረከኩም። ደብተሬን ይዤ ወጣሁ፣ እስካሁንም አልተመለስኩም። አስረኛ ክፍል በመሰላል ወጣሁበት በለው።

ከዛ ደግሞ የቅሬው ቀን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ በሚቀባበርበት የቅሬ ማህበር፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ዛፍ ስር ቆመህ የተናገርከው ትዝ ይልሃል? እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ቢሻውም የዚሁ ቅሬ ልጅ ነው። እኔን ብላችሁ እሱን እንዳታስቀይሙ። ማንም ልቡ እንዳይሰበር።» እኔ ከሴቶቹ መሃል ተነስቼ ጮህኩ።

«አባዬ፣ ምረጡኝ በል እንጂ! ሰርግ መሰለህ እንዴ?»

«ዝም በይ አንቺ ባለጌ!» አልክ። ሰው ሳቀ። ከዛ ሽማግሌዎቹ ዱአ አደረጉልህ፣ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሚን አለ። አንተ እቤት ገብተህ እማዬን «ከሁለት መቶ እጅ በላይ ቆጠርኩ» አልካት። አባዬ፣ እጁ እኮ የተዘረጋው ለአሚን ነበር! አንተ የሰውን ሁሉ ወገብ በሜትር ታውቃለህ፣ የሰው ልብ ግን ከሜትርህ ውጪ ነው።

ውጤቱ ምርጫ ጣቢያው በር ላይ የተለጠፈ ቀን አብረን ሄድን። መሰላል፣ አስራ አራት። አንተ እዛች መስመር ላይ ቀረህ። «ሚስቴ ካለችበት አስራ አራት» ብለህ ሳቅክ፣ ሳቅህ ደግሞ ያስፈራ ነበር። በነጋታው የደሴ መኪና ላይ ነበርክ። ሄድኩ እንኳን አላልከኝም።

እኔ ግን ወደ ታች አነበብኩ። ቁልፍ፣ ዘጠና ሶስት። ከሁሉም በታች ደግሞ፣ የተበላሸ ድምፅ፣ ሁለት መቶ አስራ አንድ።

ሁለት መቶ አስራ አንድ ሰው ወረቀት ያበላሻል? መጀመሪያ የሄድኩት ጎረቤታችን እማማ ዘይነባ ጋ ነው።

«እማማ፣ የቱ ላይ ነው ምልክት ያደረጉት?»

«ሁለቱም ላይ ነዋ፣ ልጄ። አባትሽም ልጄ ነው፣ ቢሻውም ልጄ ነው። ለሁለቱም ዱአ አድርጌ ወጣሁ።»

«አንድ ምልክት ብቻ ነው ተብሎ ተነግሯል እኮ!»

«እሱማ ተነግሯል። አባትሽ ግን ማንንም እንዳታስቀይሙ አለን። ከምርጫ ሰዎቹ ይልቅ የማውቀው እሱን ነው።»

ቤት ለቤት ዞርኩ። ሁሉም ያው ነው። ሁለቱም ላይ! ሁለቱም ላይ! ያንተን ቃል እንደ አደራ ይዘው ገብተው፣ ባንተው ቃል ገደሉህ። እየጮህኩ እቤት ገባሁ፣ እማዬ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«አንቺስ?» አልኳት።

መክተፉን አፈጠነች።

«እማዬ! አንቺስ?»

«ብርሀንነሽ ለባሏ አደላች እንዳይሉኝ ብዬ…»

«ማን ያይሻል? ብቻሽን ነው እኮ የገባሽው! መጋረጃ ነበረው!»

«እግዜርስ በመጋረጃ ይጋረዳል?»

እንግዲህ እወቀው አባዬ፣ ከአስራ አራቱ ውስጥ ሚስትህ የለችም። ቢላዋውን አስቀምጣ አለቀሰች። ሽንኩርቱ ነው አለች። እኔ ግን ሽንኩርት ሲያስለቅስና ሰው ሲያለቅስ እለያለሁ።

አልዋሽህም፣ ሁሉም መሰላሉ ላይ ብቻ ቢያደርጉ እንኳን አታልፍም ነበር። የሌላው ጣቢያ ሰው አንተን ከየት ያውቅሃል? ግን ያባረረህ የሌላው ጣቢያ አይደለም፣ የሰፈርህ ወረቀት ነው። እሱን ደግሞ እስከ መጨረሻው አላነበብከውም። ጠልተውኛል ብለህ ሄድክ። ጠልተውህ ቢሆን ይቀለኝ ነበር! የጠላህን ሰው ሰድቤው ይወጣልኛል። ወዶ የጣለህን ምን ልበለው? ሶስት ሳምንት ሙሉ የማንንም ሰላምታ አልመለስኩም። እነሱ ግን ሰላም ማለታቸውን አልተዉም፣ ይሄ ነው የሚያሳብደኝ።

አሁን በረንዳህ ላይ፣ ማሽንህ ጋ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ቁልፍ እተክላለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ መርፌ እሰብራለሁ። ሰው ሱሪ ያመጣል። «ልስፋልህ?» ስለው «አይ፣ አባትሽ ቢተው እስኪመጣ ይቀመጥ» ይላል። ሌላ ሰፊ ጋ አይወስዱትም፣ ትቀየመናለህ ብለው ነው አሉ። ሰላሳ ሰባት ሱሪ ተከምሯል። ያልመረጠህ ሰው ሁሉ ያለ ሱሪ ይጠብቅሃል።

ትናንት ማን መጣ መሰለህ? ቢሻው! እሱ አልፏል አይደል፣ መስከረም ላይ ምክር ቤቱ ሲከፈት ባህር ዳር ይሄዳል። የሙሉ ልብሱ ሱሪ አልዘጋ ብሎታል። ገና ሳይቀመጥ ወፍሯል! «አባትሽ ነው የሚያውቀኝ፣ ወገቡን ትንሽ ይልቀቅልኝ» ብሎ አፍሮ ሰጠኝ። ዓይኑን አየሁት፣ የምለው ብዙ ነበረኝ። ተቀበልኩት። ያንን ሰውዬ ሳልሰድብ የተቀበልኩት ስላንተ ብዬ ነው፣ ቁጠርልኝ።

እስከ ቅዳሜ ገበያ እጠብቅሃለሁ። ካልመጣህ መቀሱን የማነሳው እኔ ነኝ፣ ወገቡንም ሶስት ጣት አጠብበለታለሁ። ባህር ዳር፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ ሲቀመጥ ይተርተር።

ባለጌ ያልከኝ ልክ ነህ። የጮህኩትም ግን ልክ ነበር።

ለመምረጥ ስምንት ወር ጎደለኝ። ባይጎድለኝ ኖሮ ቢሻው ቢቀየም፣ ሰፈሩ ቢያኮርፍ፣ እግዜርም መጋረጃውን ገልጦ ቢያየኝ፣ አንድ ቦታ ብቻ ነበር የማደርገው። አስራ አምስት ይሆን ነበር።

ልጅህ የኔአለም
ካንተው በረንዳ