የምትነዝረው ማሽን

ለናፈቅኸኝ ወንድሜ፣ ለእናቴ የመጨረሻ ልጅ፦

ከሰላምታዬ ናፍቆቴ ይቅደም። እንደምን ሰነበትክልኝ? ያ የጀርባህ ሕመም ለቀቀህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ምግብ ተቀምጠህ ትበላለህ ወይስ ዛሬም ቆመህ ነው የምትጎርሰው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ይህን ማስቀደሜ የሚቀጥለውን ስታነብ ልብህ እንዳይሰቀል ነው። እኔም ከድካም በቀር ምንም አልሆንኩ። ካርድ ክፍል ቆሜ የበሽተኛ ካርድ ስፈልግ እውላለሁ፤ ቤት ስገባ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጠብቀኝ ነበር፤ እማዬ የሰካችውን መንቀል።

ነገሩ ስለላክህልን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። የመጣች ዕለት ደስታዬን ብታይ! ተሸካሚዎቹ መሬት ሳያስነኳት እልል ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰብኩ። ታዲያ የእሷ መሰኪያ ሦስት እግር አለው፣ የእኛ ግድግዳ ደግሞ ያለው ሁለት ቀዳዳ ብቻ። ባለሱቁ «ይቺ ማገናኛ ትበቃታለች» ብሎ ሰጠንና ሰካናት። እውነትም ሠራች። ግን በረጠበ እጅ ሲነኳት ትነዝራለች። «እማዬ፣ ኮረንት አላት፣ አትንኪያት» ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ዝም በይ! ጉልበቴን የተሻለኝ እሷን መንካት ከጀመርኩ ወዲህ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አበሳ አንድዬ ይወቀው። ጠዋት ጠዋት መዳፏን ታርስና ማሽኗ ላይ አሳርፋ ዓይኗን ትጨፍናለች። «ልጄ የላከልኝ መድኃኒት» ትላለች። ወሬ እግር አለው አይደል፣ ወገቡን የያዘው፣ ክንዷን የሚቆረጥማት ሁሉ ከበራችን አይጠፋም። ሰፈሩ ለማሽኗ «ሐኪሟ» የሚል ስም አወጣላት። አልዋሽህም፣ መጀመሪያ እኔም በሳቅ ፈርሻለሁ። ኋላ ግን ሳቁ አለቀብኝ። ስነቅል ትሰካለች። ማገናኛውን ስደብቅ በርብራ ታገኘዋለች። ኤሌክትሪሺያን ልጥራ ስል «ልጄ የላከውን ዕቃ ማንም አይፈታታም! መንዘሯን ካጠፋችሁት ጉልበቴን ማን ሊያሽልኝ ነው? አንቺ?» ትለኛለች። ላንተ እንዳልጽፍም «ልጁን በሰው አገር አታሳቅቂው» ብላ አስምላኝ ነበር። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መጣች። ታውቃታለህ፣ የእማዬን ቀሚስ ሁሉ የምትሰፋላት ናት። ጣቶቼን ይቆረጥመኛል አለች። ወለሉ ታጥቦ ገና አልደረቀም፣ እሷም በባዶ እግሯ ነበረች። እኔ ደጅ ልብስ እያሰጣሁ እማዬ «ሁለቱንም እጅሽን አሳርፊ፣ አይዞሽ» ስትላት እሰማለሁ። ከዚያ ድምፅ ጠፋ። ዘው ብዬ ስገባ ሴትዮዋ ማሽኗ ላይ ተጣብቃ ትንቀጠቀጣለች፤ አፏ ተከፍቷል፣ ጩኸት ግን አይወጣትም። እማዬ ልታላቅቃት እጇን ስትሰድ «እንዳትነኪያት!» አልኩ። በእናቴ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ዘልዬ በሩ አጠገብ ያለውን ዋናውን ማጥፊያ አወረድኩት። ሴትዮዋ እንደ ጆንያ ዘፍ አለች።

ተመስገን፣ ተርፋለች። ሆስፒታል አድራ ወጣች። መዳፏ ግን ተቃጥሏል፣ ጣቶቿም ለጊዜው መርፌ አይዙም። ሐኪሙ «ቀስ እያለ ይመለሳል» ብሏታል።

በማግስቱ ኤሌክትሪሺያኑ ሲመጣ በሩን የከፈተችለት እማዬ ራሷ ናት። ማሽኗን ሲፈታት ውስጧ አንዱ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ይነካ ኖሯል። «ሦስተኛው እግር ለጌጥ መሰላችሁ? ያመለጠውን ኮረንት ወደ መሬት የሚወስደው እሱ ነው፤ እናንተ ቤት ግን የመሬት ሽቦ የሚባል ነገር የለም» አለን። የተላጠውን ቀየረ፣ ከቤቱ ጀርባ የመዳብ ዘንግ ቀብሮ ሽቦ ዘረጋ፣ ኮረንት ሲያመልጥ በራሱ የሚያጠፋ ብሬከርም ገጠመ። ከምንጣፉ ሥር ያስተኛነውን፣ በፕላስተር የተጠቀለለውን የፍሪጅ ገመድ ሲያይማ «እዚህ ቤት ከእባብ ጋር ነው የምታድሩት» ብሎ ጎትቶ አወጣው።

አሁን ማሽኗ አትነዝርም። እማዬ ግን ዞር ብላም አታያትም። ጉልበቷን እኔ ከሥራ ስመለስ በሞቀ ፎጣ አሽላታለሁ፤ እያሸሁ እንቅልፍ የሚጥለኝ ጊዜ አለ። ጠዋት ተነሥታ እያነከሰች ልብስ ሰፊዋ ጋ ትሄዳለች። መነጽሯን አድርጋ መርፌው ውስጥ ክር ታስገባላታለች፣ ቁልፍ ትተክልላታለች፣ ዘምዝሚ ያለቻትን ትዘመዝማለች። ትናንት ልብስ ሰፊዋ «እትዬ፣ ኧረ እጅዎ ተፍታታ! ሥራዬን ሊቀሙኝ ነው እንዴ?» ብትላት እማዬ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

አደራህን፣ የኔ ስጦታ ነው ብለህ እንዳትብሰለሰል። ጥፋቱ የግድግዳችን ነው። ይልቅ ያ የምትኖርበት ክፍል ያሳስበኛል። ምድጃውም፣ ማሞቂያውም፣ የሁላችሁም ስልክ በአንድ ሶኬት ላይ ነው ብለኸኝ አልነበር? ግድግዳውን በእጅህ ጀርባ ዳስሰው፤ ከሞቀ አንዳንዱን ንቀሉ። የቤቱን ባለቤትም ሳታፍር ንገረው። እኔ ካሁን በኋላ የሌላ ቤት ሶኬት የምጠብቅበት አቅም የለኝም፣ ወንድሜ።

ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል። ልጄ አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። አብሮህ የሚኖረውን ጓደኛህን ሰላም በልልኝ፤ ሲያንኮራፋ አትቆጣው። ልብስ ሰፊዋም «ተርፌያለሁ፣ አይጨነቅ በይው» ብላሃለች። መሐላዬን የፈታችልኝ እማዬ ራሷ ናት፤ «ሁሉንም ጻፊለት» ብላ አጠገቤ ተቀምጣለች። ከራሷ ደግሞ ይህችን ጨምሪ አለችኝ፦ «ልጄ፣ እጅህ ሲረጥብ ምንም አትንካ።» ጽፌዋለሁ ስላት «ድገሚው» አለች። ልጄ፣ እጅህ ሲረጥብ ምንም አትንካ።

እህትህ
ከእናትህ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር
ጥቅምት 12 ቀን